ማን ማንን ይሸከማል?

«ባሌት የቤተ መንግሥት ጨዋታ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» የሚሉ ጓደኞቻችን ባለፈው ሳምንት በፊልም የቀረቡትን አራት የጥንድ ዳንሶች ሳያዩ ቀሩ። ክርክራቸው ከንቱ አይደለም። ይሁንና የታየው የቤተ መንግሥት ነገር ሳይሆን የሁለት ሰዎች ጉዳይ ነበር፦ ማን ማንን ያነሣል፣ ማን በማን ይደገፋል፣ ማንስ ፊቱን ያዞራል።

መጀመሪያ የታየው ጄሮም ሮቢንስ እ.ኤ.አ. በ1953 በደቡሲ ሙዚቃ የሠራው «የፋውን ከሰዓት በኋላ» ነው። ኒጂንስኪ በ1912 በዚሁ ሙዚቃ የተረት ፍጡር አስጨፍሮበት ነበር፤ ሮቢንስ ግን ነገሩን ወደ ልምምድ ክፍል አመጣው። ተመልካቹ ባለበት በኩል መስታወት እንዳለ ይታሰባል። ወጣቱና ልጅቷ የሚያዩት መስታወቱን፣ ማለት እኛን ነው። ጉንጯን ሲስማት እንኳ ዘወር ብላ አታየውም፤ እጇን ጉንጯ ላይ አድርጋ መስታወቱን እያየች ትሄዳለች። በእስክስታ ሁለቱ ሳይነካኩ ዓይን ለዓይን ይጋጠማሉ። እዚህ እየተነካኩ አይተያዩም። ኧረ እንዴት ያለ ብቸኝነት ነው!

ከዚያ የዚሁ ሰው «በሌሊት» (1970) ቀጠለ፤ በሾፐን ሙዚቃ ሦስት ጥንዶች። የመጀመሪያዎቹ ለጋ ፍቅረኞች፣ ሁለተኛዎቹ የሰከኑ ናቸው፤ ያምራሉ፣ ግን ትንሽ አንቀላፋን። ሦስተኛዎቹ ይጣላሉ፣ ይታረቃሉ፣ ደግሞ ይጣላሉ። መጨረሻ ላይ ሴቲቱ እግሩ ሥር ትንበረከካለች፣ እሱም ያነሣታል። ያ ሁሉ ጠብ በእሷ መንበርከክ ማለቁ አልተዋጠልንም።

የኬኔት ማክሚላን «ሮሚዮና ጁልየት» (1965) የመቃብሩ ትርዒት ግን ሌላ ነገር አሳየን። ሮሚዮ የሞተች የመሰለችውን ልጅ አንሥቶ ሊያስደንሳት ይሞክራል። እጇ ይወድቃል፣ ራሷ ይንጠለጠላል። ከዚያ በፊት በሰገነቱ ሥር እንደ ላባ ስትነሣ ያነሣት እሱ ብቻ መስሎን ነበር፤ ለካስ እሷም ትዘል ኖሯል! ወንዱ «ተሸካሚ» ሴቷ «ሸክም» የሚለው አስተያየት እዚህ ላይ ይፈርሳል። በድን መስሎ መነሣትም ቢሆን የዳንሰኛዋ ሥራ ነው።

የምሽቱ ትልቅ ሥራ ባላንቺን በስትራቪንስኪ ሙዚቃ ያዘጋጀው «አጎን» ነው። የጥንዱ ዳንስ የተሠራው ለነጯ ዳያና አዳምስና ለጥቁሩ አርተር ሚቸል ነበር፤ ዘመኑም 1957። በዚያው ዓመት መስከረም በአሜሪካ ሊትል ሮክ ከተማ ዘጠኝ ጥቁር ተማሪዎች ትምህርት ቤት ይገቡ ዘንድ ወታደር አስፈልጎ ነበር። በኅዳር ደግሞ ኒው ዮርክ መድረክ ላይ ጥቁርና ነጭ እጅ ለእጅ ተያያዙ። ታሪክ አይነገርም፣ ልብሱም የልምምድ ልብስ ነው። ወንዱ ወለል ላይ በጀርባው ተንጋሎ እሷን በአንድ እግሯ ያቆማታል፤ እጁ ትንሽ ቢያንቀጠቅጥ መውደቋ ነው። ፍቅር ነው ወይስ ትግል? እኛ መተማመን ብለነዋል። ሚቸል በ1969 የሃርለምን የዳንስ ቲያትር ከመሠረቱት አንዱ መሆኑንም ማስታወስ ይገባል።

ታዲያ ይህን ሁሉ ከፊልሙ በፊት የነገረን አልነበረም፤ አጠገባችን የነበሩት «አጎን»ን የስፖርት ልምምድ ነው ብለው ሳቁ። ካሜራውም እግር ማየት ሲገባን ፊት ያሳየናል፤ እሱንስ ምን ይደረግ። አዘጋጆቹ ግን በሚቀጥለው ጊዜ መብራቱ ከመጥፋቱ በፊት አምስት ደቂቃ ማብራሪያ ቢሰጡን አይከፋም።