ጀንበሯ አዘቀዘቀች ከማለታችን በፊት

ስለ ስፖርት ጽፎ የሚያድር ሰው በእጁ ከሚመላለሱት ዓረፍተ ነገሮች ሁሉ ለመጻፍ የሚቀለው «አበቃለት» የሚለው ነው። ማስረጃው ትናንት በተካሄደው ግጥሚያ ውስጥ አለ፤ የተጫዋቹ ዕድሜ ከማንም አይሰወርም፤ አንባቢውም ጉዳዩን በልቡ ከወሰነ ሰንብቷል። በ2013 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የሜዳ ቴኒስ ተጫዋቹ ሮጀር ፌደረር በዊምብልደን ሁለተኛ ዙር በዓለም 116ኛ ደረጃ ላይ በነበረው ዩክሬናዊ ሰርጊ ስታኮቭስኪ ተሸነፈ። በአራቱ ታላላቅ ውድድሮች ለ36 ተከታታይ ጊዜ ሩብ ፍጻሜ የደረሰበት ጉዞ በዚያን ዕለት ተቋረጠ። ወራት ሳይቆይ በአሜሪካ ኦፕን አራተኛ ዙር ቶሚ ሮብሬዶ አሰናበተው፤ በዓመቱ ያነሳው ዋንጫም በጀርመን ሃለ ከተማ ያገኘው አንዱ ብቻ ሆነ። ዕድሜው 32 ደርሶ ነበር። ለወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታልና ብዙ ጸሐፊ ምሳሩን ይዞ ወጣ። ሰውየው ግን በ2017 በ35 ዓመቱ አውስትራሊያ ኦፕንንና ዊምብልደንን አሸነፈ፤ በ2018 በ36 ዓመቱ የዓለም አንደኛነትን መልሶ ያዘ።

ከዚህ ተነስቶ ጸሐፊዎቹ ተሳሳቱ ብሎ ፋይሉን መዝጋት ይቻላል። እኔ የምለው ግን ያዩት ትክክል፣ የደመደሙት ስሕተት ነበር ነው። በ2013 የፌደረር አካል ከጫፉ ወርዶ ነበር፤ ከዚያም በኋላ ወደዚያ ጫፍ ተመልሶ አልወጣም። ስሕተቱ የመጣው ሻምፒዮንን አንድ ጫፍ ብቻ እንዳለው ተራራ ከመቁጠር ነው። አካል የራሱ ጫፍ አለው፤ ሙያ የራሱ አለው፤ ውጤትም የራሱ አለው። ሦስቱ በአንድ ዓመት ላይ የሚገጣጠሙት አልፎ አልፎ ነው፤ ሲገጣጠሙ እንደ 2006ቱ ፌደረር ያለ ነገር ይታያል፤ 97 ግጥሚያ፣ 92 ድል፣ 12 ዋንጫ። ከዚያ በኋላ አካል ቀድሞ ይወርዳል፤ ሙያ ግን ገና እየወጣ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «አልፎበታል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ሦስት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ከረጢት ከትቶ መልስ ይጠይቃል። የሚሻለው «ምን ሄደበት? በሄደው ምትክስ ምን አስገባ?» ብሎ መጠየቅ ነው።

የአገራችን የስፖርት አፍቃሪ ዓይን ለዚህ ጉዳይ የሠለጠነው በሩጫ ነው። በሩጫ ሰዓቱ ራሱ ዳኛ ነው፤ ይግባኝ የለውም። ሯጭ መውጫም አለው። ኃይሌ ገብረሥላሴ በትራክ ላይ የመጨረሻው ዙር ፍጥነት ለወጣቶቹ ሲተላለፍ ወደ ጎዳና ወጣ፤ በ2008 በ35 ዓመቱ በርሊን ላይ ማራቶንን በ2:03:59 ጨርሶ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ። ቀነኒሳ በቀለም እዚያው በርሊን በ37 ዓመቱ 2:01:41 ገባ። ዕድሜ የነጠቃቸውን ፍጥነት ርቀት ካሳቸው። የሜዳ ቴኒስ ተጫዋች እንዲህ ያለ ማምለጫ የለውም። ሜዳው በ20 ዓመቱም በ36 ዓመቱም ርዝመቱ 23.77፣ የነጠላው ወርድ 8.23 ሜትር ነው። ሰዓትም አይያዝለትም፤ መለኪያው ከመረቡ ማዶ የቆመው ሰው ነው፤ ያም ሰው በየዓመቱ ወጣት ይሆንበታል። እንግዲህ ርቀት መቀየር የማይችል ሰው ያለው ምርጫ ሜዳውን በራሱ ብልኀት ማጥበብ ነው።

ፌደረር ሜዳውን ያጠበበበትን መንገድ ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል። ባክሃንዱን የሚመታው በአንድ እጅ ነው። ዋነኛ ባላንጣው ራፋኤል ናዳል ግራኝ ነው፤ በኃይል አሽከርክሮ የሚልከው ፎርሃንድ መሬት ነክቶ እስከ ፌደረር ትከሻ ይነጥራል። በአንድ እጅ ለሚመታ ሰው ትከሻ ላይ የደረሰ ኳስ ክፉ ኳስ ነው፤ ክንድ ጉልበቱን የሚያወጣው ወገብ አካባቢ ላለ ኳስ ነውና። ወጣቱ ፌደረር ሁለት መፍትሔ ነበረው፤ ወይ ወደ ኋላ አፈግፍጎ ኳሱ እስኪወርድ መጠበቅ፣ ወይ ፈጥኖ ዞሮ በፎርሃንዱ መምታት። የሁለቱም ዋጋ የሚከፈለው በእግር ነው። እግር ሲቀንስ የቀረው መንገድ ወደ ፊት ገብቶ፣ ኳሱ ትከሻ ሳይደርስ፣ ገና ከመሬት ሲነሳ መምታት ነው። ይህም ችግር አለው፤ የሚነሳን ኳስ ከራኬት መሐል ላይ ማግኘት ከባድ ነው፤ ለዓመታት የለመደው ባለ 90 ስኩዌር ኢንች ራኬት ደግሞ ጠባብ ነበር። በ2013 አጋማሽ ሰፋ ያለውን ሞከረ፤ ውጤቱ አላማረምና ተወው። በ2014 ግን ባለ 97ቱን ይዞ ተመለሰ። ስቴፋን ኤድበርግ አሠልጣኝ ሆኖ ወደ መረቡ የመውጣትን ልማድ አጠናከረለት፤ ቀጥሎ የመጣው ኢቫን ሉቢቺችም በአንድ እጅ ባክሃንዱ የታወቀ ተጫዋች ነበር። በ2016 ጉልበቱን ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት፣ በኋላም የዓመቱን ሁለተኛ አጋማሽ ሙሉ ዐርፎ ሲመለስ፣ ያ ሁሉ ልምምድ አንድ ላይ ገጠመ።

ፍሬው የታየው በ2017 አውስትራሊያ ኦፕን ፍጻሜ ነው። አራት ዓመት ተኩል ታላቅ ዋንጫ ያላነሳው ፌደረር 17ኛ ሆኖ ተመድቦ ገብቶ፣ ለዋንጫው ከናዳል ጋር ተፋጠጠ። በአምስተኛው ክፍለ ጨዋታ ናዳል 3 ለ 1 መራ። ከዚያ በኋላ ፌደረር አምስት ጌም በተከታታይ አሸንፎ 6 ለ 3 ዘጋው። 4 ለ 3 ሲመራ የተጫወቱት አንድ ነጥብ ለዚህ ክርክር ከብዙ ሰንጠረዥ ይልቅ ይናገራል። ኳሷ 26 ጊዜ ተመታች። የናዳል ሥራ እንደ ወትሮው ፌደረርን ወደ ባክሃንዱ ጥግ ገፍቶ ማድከም ነበር። ባለፉት ዓመታት እንዲህ ያለው ረጅም ምልልስ የናዳል ነበር፤ አሁን ግን ፌደረር ከኋለኛው መስመር ብዙም ሳይርቅ ቆሞ ኳሶቹን ቀድሞ መለሰ፤ መጨረሻም በፎርሃንዱ መስመሩን ተከትሎ ጨረሰው። ነጥቡን የሰጠው ሩጫ አይደለም። ኳስን ቀድሞ የሚመታ ሰው ተጋጣሚውን ጊዜ ያሳጣዋል፤ ጊዜ ያጣ ተጋጣሚ ደግሞ የሚያስሮጥ ኳስ መላክ አይችልም። የ35 ዓመቱ ሰው የጎደለውን እግር የሞላው በዚህ ነው።

ለምን ታዲያ በ2013 ይህ ሁሉ አልታየንም? አንደኛው ምክንያት የቴኒስ ሒሳብ ራሱ ማታለሉ ነው። ፌደረር በ2024 ለዳርትማውዝ ኮሌጅ ተመራቂዎች ባደረገው ንግግር ከ1,526 የነጠላ ግጥሚያዎቹ 80 በመቶ ገደማ ማሸነፉን፣ ከተጫወታቸው ነጥቦች ያሸነፈው ግን 54 በመቶ ብቻ መሆኑን ተናግሯል። ከመቶው ነጥብ 46ቱን የሚያጣ ሰው ነው የዘመኑ ንጉሥ የነበረው። ስለዚህ ከመቶው ሁለት ነጥብ ቢቀንስበት በዓይን አይታወቅም፤ በዋንጫ መደርደሪያው ላይ ግን ክፍተቱ ጎልቶ ይታያል። ጸሐፊው የሚቆጥረው ዋንጫ ነውና ትንሽዋን መንሸራተት ገደል አድርጎ ያነብባል። ሁለተኛው ምክንያት ጉዳት፣ ዕድሜና የተጋጣሚ ማየል ከሩቅ ሲታዩ መልካቸው አንድ መሆኑ ነው። በ2013 ፌደረርን ያስቸገረው አንዱ ነገር የጀርባ ሕመም ነበር፤ ሕመም ይድናል፤ ዕድሜ አይድንም። በ2015 አሜሪካ ኦፕን ፍጻሜ ደግሞ የኖቫክ ጆኮቪችን ሰርቭ ለመስበር 23 ዕድል አግኝቶ የተጠቀመው በ4ቱ ብቻ ነው። 23 ጊዜ እዚያ የደረሰን ሰው እግሩ ከዳው ማለት ይከብዳል፤ ከፊቱ የቆመው ጆኮቪች መሆኑ ግን ከሒሳቡ መውጣት የለበትም።

ጠንካራው ተቃውሞ የሚመጣው ከዚህ ላይ ነው። በ2017 ሜዳው ባዶ ነበር የሚሉ አሉ። ጆኮቪች በአውስትራሊያ በሁለተኛው ዙር በዴኒስ ኢስቶሚን ወደቀ፤ አንዲ መሪም በአራተኛው ዙር ተሰናበተ፤ ከዊምብልደን በኋላ ሁለቱም በጉዳት ዓመቱን ሳይጨርሱ ቀሩ። ይህ እውነት ነው፤ ችላ ልንለውም አይገባም። ነገር ግን ናዳል ነበር፤ በዚያ ዓመት ሮላን ጋሮስንና አሜሪካ ኦፕንን አንስቶ ዓመቱን በአንደኝነት የጨረሰው እሱ ነው። ፌደረር ይህን ናዳል በዚያው ዓመት አራት ጊዜ ገጥሞ አራቱንም አሸነፈ፤ በአካሉ ብርቱ በነበረባቸው ዓመታት ለብዙ ጊዜ የተቸገረበትን ሰው ማለት ነው። ሌላው ተቃውሞ ይበልጥ የረቀቀ ነው፤ የሸክላውን ወቅት ሙሉ ዘልሎ፣ 60 ግጥሚያ ሳይሞላ ዓመቱን የጨረሰ ሰው እንዴት ጫፍ ላይ ነበር ይባላል? አይባልም። በ2006 የተሸነፈው 5 ጊዜ ነው፤ በ2017ም የተሸነፈው 5 ጊዜ ነው፤ የ2006ቱን ግን ያገኘው የ97 ግጥሚያ ሸክም ተሸክሞ ነው። እኔ የ2017ቱ ይበልጣል አልልም። የምለው ውጤቱን ያስጠበቀው መምረጡ ራሱ የሙያ አካል መሆኑን ነው፤ አቅሙን የሚያውቅ ሰው የት እንደሚያወጣው ያውቃል።

ሦስተኛው ተቃውሞ ብዙዎቹ አይመለሱም የሚለው ነው። ጆን ማኬንሮ የመጨረሻውን ታላቅ የነጠላ ዋንጫ ያነሳው በ1984 በ25 ዓመቱ ነው፤ ለዓመታት ከዚያ በኋላም ቢጫወት ሌላ አላገኘም። እንግዲያው «አበቃለት» የሚል ጸሐፊ ብዙውን ጊዜ ትክክል ይሆናል ማለት ነው። ይሆናል፤ ግን ሰው ሁሉ ይሞታል ብሎ የተናገረን ሰው ማንም ነቢይ አይለውም። የፒት ሳምፕራስን ነገር እዚህ ማስታወስ ተገቢ ነው። በ2002 በዊምብልደን ሁለተኛ ዙር በዓለም 145ኛ ደረጃ ላይ በነበረው ጆርጅ ባስትል ተሸነፈ፤ በዚያው ዓመት አሜሪካ ኦፕንን በ31 ዓመቱ አሸነፈ፤ ከዚያ በኋላ አንድም የይፋ ግጥሚያ ሳያደርግ ራኬቱን ሰቀለ። በወራት ልዩነት አበቃለትም፣ ገና ነውም ማለት የሚቻልበት ሰው ነበር። የሳምፕራስ ሰርቭ በእግር ፍጥነት ላይ የቆመ አልነበረምና ሰርቩን የመረመረ ጸሐፊ በባስትል ሽንፈት ብቻ አይደናገጥም ነበር። ማኬንሮንም ጨዋታው ወደ ኃይል ሲዞር እንዴት እንደጎዳው የመረመረ ሰው 25 ዓመት ገና ነው ብሎ አይጽናናም ነበር። ዕድሜ ብቻውን ለሁለቱም ምንም አይነግረንም።

ይህ ሁሉ ማብቂያ የለም ለማለት አይደለም። በ2019 ዊምብልደን ፍጻሜ ፌደረር 38 ዓመት ሊሞላው ሳምንታት ሲቀሩት በጆኮቪች ላይ ሁለት የሻምፒዮንነት ነጥብ ይዞ ተሸነፈ፤ በጠቅላላው ግን 218 ነጥብ አሸንፎ ጆኮቪች ያገኘው 204 ነበር። ያን ዕለት የተሸነፈውን ሰው አልፎበታል ማለት ሒሳብ አለማወቅ ነው። በ2020 ቀኝ ጉልበቱን ሁለት ጊዜ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። በ2021 ዊምብልደን ሩብ ፍጻሜ ሁበርት ሁርካች በሦስተኛው ክፍለ ጨዋታ 6 ለ 0 አሸነፈው፤ በዚያ ውድድር አንድም ጌም ሳያገኝ ክፍለ ጨዋታ ሲሸነፍ የመጀመሪያው ነበር። ልዩነቱ የት ላይ ነው? ኳስን ቀድሞ መምታት ፈጣን እግር ላያስፈልገው ይችላል፤ የማይናጋ ጉልበት ግን የግድ ይፈልጋል። ፍጥነቱን የመነዘረበት ጥበብ ራሱ የቆመበት መሠረት ሲናድ ሌላ የሚመነዝረው አልቀረም። በመስከረም 2022 ለንደን ላይ ተሰናበተ።

ከዚህ ለሙያችን የምቀዳው አንድ ደንብ ነው። በ2013 ላይ ተቀምጦ «እግሩ ቀንሷል፤ ጀርባውን ያመዋል፤ ራኬቱ ጠቦት ሌላ እየሞከረ ነው፤ ለትከሻ ኳስ ገና መልስ አላገኘም» ብሎ መጻፍ ይቻል ነበር፤ ለዚህ ትንቢት አያስፈልግም፣ ሁሉም ሜዳ ላይ ይታይ ነበር። ይህ አንቀጽ ፌደረር ዳግመኛ ባያሸንፍም እውነት ሆኖ ይቀር ነበር፤ አሸንፎም እውነት ሆኖ ቀርቷል፤ እንዲያውም በ2017 ምን እንደተለወጠ ለማወቅ የፈለገ አንባቢ ተመልሶ የሚያገላብጠው እሱን ነው። «አበቃለት» የሚለው ግን ስምንት ዓመት ሙሉ እውነት የሚሆንበትን ቀን ሲጠብቅ ኖረ። ቀኑ ደርሶ ሰሌዳው 6 ለ 0 ሲያሳይም የሚጽፈው ጸሐፊ አላስፈለገውም።