ገመዱም ይበላል

ጉባ ላይ የተገነባውና ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የታላቁ ህዳሴ ግድብ ኃይሉን ወደ ሆለታ የሚልከው በ500 ኪሎ ቮልት ነው። ቮልቴጁ ይህን ያህል ከፍ ያለበት ምክንያት አሶሳ ውስጥ ለአንድ ምጣድ መስመር ከሚዘረጋ ኤሌክትሪሺያን ስሌት አይለይም። የግድቡ የመጀመሪያ ተርባይን የካቲት 2014 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር አቅሙ 375 ሜጋ ዋት ነበር። ይህን ኃይል በ500 ኪሎ ቮልት ባለ ሦስት ፌዝ መስመር ብንልከው በእያንዳንዱ ፌዝ 433 አምፔር ገደማ ይፈሳል፤ ወፍጮ ቤት በሚያውቀው 380 ቮልት እንላከው ብንል ግን ወደ 570 ሺህ አምፔር ይደርሳል። በሽቦ ላይ ሙቀት ሆኖ የሚጠፋው ኃይል የሚገኘው ከረንቱን በራሱ አባዝቶ ውጤቱን በሽቦው ሬዚስታንስ በማባዛት ነው። ስለዚህ ከረንቱ ከ1,300 ጊዜ በላይ ሲያድግ በዚያው ሽቦ ላይ የሚባክነው ከ1.7 ሚሊዮን ጊዜ በላይ ያድጋል። የከፍተኛ መስመር መሐንዲስ ሽቦውን እንደ አንድ ተጠቃሚ ቆጥሮ ነው ሥራ የሚጀምረው። እኛ ቤት ውስጥ የምንዘረጋው ግን ብዙ ጊዜ ሳንቆጥረው እናልፋለን፤ የሙያችን ትልቁ ጉድለት ይህ ይመስለኛል።

የተለመደው አሠራር እንዲህ ነው። ምጣዱ ላይ 220 ቮልት፣ 3,500 ዋት ተብሎ ተጽፏል፤ ዋቱ ለቮልቱ ሲካፈል 16 አምፔር ገደማ ይሆናል፤ ለዚያ የሚበቃ ብሬከር ይገባል፣ ስሌቱም እዚያ ላይ ያበቃል። የተጻፈው ቁጥር ግን እውነት የሚሆነው 220 ቮልቱ ምጣዱ ዘንድ ሳይጎድል ከደረሰ ብቻ ነው። ደርሶ እንደሆነ የሚናገረው ምጣዱ እየሠራ የሚለካ ቮልቴጅና ከረንት ነው። ለምሳሌ ሶኬቱ ላይ ምንም ሳይሰካ 218 ቮልት ተነበበ እንበል። ምጣዱ ሲበራ 203 ወረደ፣ ክላምፕ ሜትሩም 14.7 አምፔር አሳየ። 203 ለ14.7 ሲካፈል 13.8 ኦም ይመጣል፤ በጽሑፉ መሠረት ከሚጠበቀው ጋር ስለሚገጥም ምጣዱ ደህና ነው። የጎደለው 15 ቮልት ለ14.7 ሲካፈል ደግሞ 1 ኦም ያህል ይሆናል፤ ይህ ከትራንስፎርመሩ እስከ ሶኬቱ ያለው መንገድ ሬዚስታንስ ነው። ምጣዱ የሚያገኘው 2,984 ዋት ሲሆን መንገዱ ደግሞ 220 ዋት ይበላል። እንጀራው ዓይን አላወጣ ሲል ጥፋቱን በምጣዱ ላይ ጥሎ አዲስ ከማስገዛት በፊት እነዚህን ሁለት ማካፈሎች መሥራት የባለሙያው ግዴታ ነው።

ያ 1 ኦም የት እንደተቀመጠ ማወቅ ከመጠኑ የበለጠ ያሳስባል። በረጅም ገመድ ላይ ተበትኖ ከሆነ ገመዱ ለብ ይላል እንጂ ብዙም አደጋ የለውም። ከዚያ ውስጥ 0.3 ኦሙ በአንድ ላላ ባለ ቅጥያ ላይ ከተጠራቀመ ግን በ14.7 አምፔር 65 ዋት ያህል ሙቀት የጣት ጫፍ በምታህል ቦታ ላይ ይወጣል፤ ፕላስቲኩን ለማቅለጥ፣ እንጨቱንም ለማጥቆር ይበቃል። ብሬከሩ ደግሞ አያድነንም። ብሬከር የሚቆርጠው ከረንት ሲበዛ ነው፤ የተበላሸ ቅጥያ ግን ሬዚስታንስ ጨምሮ ከረንቱን ይቀንሳል። አሶሳን በመሰለ፣ ክረምቱ እስከ ጥቅምት በሚዘልቅ አገር፣ ከምሰሶ የሚመጣው አሉሚኒየም ከቤቱ መዳብ ጋር ያለ ተገቢ ማያያዣ ተጠምዝዞ ሲታሰር እርጥበቱ መጋጠሚያውን ይበላዋል፤ ሬዚስታንሱም ከዓመት ዓመት እያደገ ይሄዳል። ይህን በዓይን ማየት አይቻልም። ጭነት ባለበት ጊዜ በቅጥያው በዚህና በዚያ ጫፍ መካከል የሚለካ ቮልት ግን ያጋልጠዋል።

መስመሩን አጥፍቶ ሬዚስታንሱን በቴስተር በቀጥታ ማንበብ አይቀልም ወይ የሚሉ አሉ። ለተቆረጠ ሽቦ ይቀላል፤ ተራ ቴስተር ግን በጥቂት ሚሊ አምፔር ስለሚለካ በ15 አምፔር የሚግለውን ቅጥያ ደህና ነው ብሎ ሊያሳልፈው ይችላል። ጎረቤት በዚያችው ደቂቃ ምጣዱን ቢያበራስ የሚለው ጥያቄ የበለጠ ክብደት አለው፤ የወረደው ቮልት የእኛ ጭነት ያወረደው ላይሆን ይችላልና። መድኃኒቱ ምጣዱን ደጋግሞ ማብራትና ማጥፋት፣ አብሮት የሚወርድና የሚወጣውን ልዩነት ብቻ መያዝ ነው። ሦስተኛው ተቃውሞ ትክክል ስለሆነ እቀበለዋለሁ፦ ይህ ስሌት እንዳለ ለሞተር አይሠራም። የወፍጮና የውኃ ፓምፕ ሞተር ቮልትና አምፔሩ ቢባዛ እውነተኛውን ዋት አይሰጥም፣ የፓወር ፋክተር ድርሻ አለበት። ከዚህም በላይ ቮልቴጅ ሲወርድ የምጣድ ከረንት ይቀንሳል፤ ሥራ የተጫነበት ሞተር ግን ያንኑ ሥራ ለመሥራት ብዙ ከረንት ይስባል፣ ጠመዝማዛውም ይቃጠላል። ስለዚህ የመንገዱ ሬዚስታንስ ከምጣድ ይልቅ በወፍጮ ቤት አጥብቆ መለካት አለበት።

ስታቢላይዘር ይገዛ የሚለው ምክር የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ስታቢላይዘር ኃይል አያመነጭም። ውጤቱን 220 ለማድረስ ከመስመሩ ተጨማሪ ከረንት ይስባል፤ መንገዱ ላይ የሚጠፋው ቮልት ይጨምራል፤ በዚያው መስመር ያለው ጎረቤት ቮልቱ የባሰ ይደክምበታል፣ እሱም ስታቢላይዘር ይገዛል። ለማቀዝቀዣና ለቴሌቪዥን መከላከያነቱን አልክድም፤ የቀጠነ ገመድንና የላላ ቅጥያን ግን አይጠግንም። ከዚያ ይልቅ ጭነቱ እንደበራ አንዴ ቆጣሪው ላይ፣ አንዴ ሶኬቱ ላይ ይለካ። ቮልቱ ቆጣሪው ላይ ወርዶ ከተገኘ ጉዳዩ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ነው፤ ባለቤቱ ሰዓቱን፣ ቮልቱንና አምፔሩን በወረቀት ይዞ ሲያመለክት የሚሄደው ቴክኒሻን ችግሩን ከቆጣሪው በፊት ባለው መስመር ላይ እንደሚፈልግ ያውቃል። ከቆጣሪው ወዲህ ከወረደ ግን ሥራው የእኛ ነው፤ ገመዱን ከ2.5 ወደ 6 ሚሊሜትር ካሬ ማሳደግ የገመዱን ሬዚስታንስ ከግማሽ በታች ያወርደዋል።