የጥንት አውቶሞቢሎች ፎቶግራፍ ምን ይመሰክራል?

በቀድሞው የአገራችን ሙግት ተከራካሪ ባለጋራውን «ተጠየቅ» ሳይል፣ ምስክሩንም የት ቆመህ አየህ፣ ማን አብሮህ ነበረ ብሎ ሳይመረምር ቃሉን አይቀበልም ነበር። በዚህ ዘመን ግን ሳይጠየቅ የሚታመን አንድ ምስክር አለ፤ እርሱም ፎቶግራፍ ነው። የታሪክ ጸሐፊ ቢጽፍ አድልቶ ይሆናል እንላለን፤ ሽማግሌ ቢናገር ዘንግቶ ይሆናል እንላለን፤ ፎቶግራፍ ሲቀርብልን ግን ክርክሩ ያለቀ ይመስለናል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የተነሡትን የክፍት አውቶሞቢሎች ፎቶግራፎች በዚህ በጥንቱ የምርመራ ሥርዓት መጠየቅ ነው። ጉዳዩ የመኪና አፍቃሪዎች ብቻ ጉዳይ መስሎ የሚታየው ሰው ሊኖር ይችላል። ነገር ግን አዲስ መሣሪያ ወደ አንድ አገር ሲገባ ማን እንዳስገባው፣ በማንስ ጉልበት እንደ ገባ የምናውቀው በአብዛኛው በእነዚህ ሥዕሎችና በሥራቸው በተጻፉት መግለጫዎች ስለ ሆነ፣ አነባበባችን ከተሳሳተ የታሪክ ዕውቀታችንም አብሮ ይሳሳታል። ከዚህ በታች የሚጠቀሰው ዓመት፣ የኢትዮጵያ ነው ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

«ቱሪንግ» የሚባለው አውቶሞቢል አራት፣ አምስት፣ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ በላይ ሰው የሚይዝ፣ በጎኑ መስተዋት የሌለው፣ ከሸራ የተሠራው ጣራው ወደ ኋላ የሚታጠፍ የጉዞ መኪና ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሞተሩ የሚነሣው ከፊት ተሰክቶ በክንድ በሚዞር ብረት ነበር፤ ካዲላክ የተባለው ፋብሪካ በኤሌክትሪክ የሚነሣ ሞተር ለገበያ ያቀረበው በ1912 ሞዴሉ ነው። የዚህ መኪና ዋና ጠባይ ክፍትነቱ ነው። የተቀመጠበት ሰው አገሩን ያያል፤ አገሩም እርሱን ያየዋል። ፎቶግራፍ አንሺዎች አጥብቀው የወደዱት በዚህ ምክንያት ይመስለናል፤ ባለመኪናው ከነባርኔጣው፣ ከነቤተሰቡ ቁልጭ ብሎ ይታያልና።

አሁን ወደ ምርመራው እንግባ። የመጀመሪያው ጥያቄ መቅረብ ያለበት ለመሣሪያው ለራሱ ነው። በዚያ ዘመን ብዙዎች ይጠቀሙበት የነበረው የፎቶግራፍ መስተዋት ለቀይ ብርሃን ስሜት አልነበረውም። ስለዚህ ቀይ ቀለም የተቀባ መኪና በሥዕሉ ላይ ጥቁር ሆኖ ይወጣል፤ ሰማያዊው ሰማይም ነጭ ይሆናል። የፎርድ ፋብሪካ በ1908 በ850 ዶላር ማቅረብ የጀመረው «ሞዴል ቲ» የተባለው መኪና በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ግራጫ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊና ቀይ ነበር፤ ጥቁር ብቻ የሆነው ከ1914 እስከ 1925 ነው። የቆዩትን ሥዕሎች አይቶ «የፎርድ መኪና ከመጀመሪያው ጥቁር ነበረ» የሚል ሰው የመስተዋቱን ድካም የመኪናው ጠባይ አድርጎ ቈጠረው ማለት ነው።

ሌላው ምሳሌ ከእሽቅድድም መኪና የተወሰደ ቢሆንም ለነገራችን ይጠቅማል። ላርቲግ የተባለው ፈረንሳዊ ገና በወጣትነቱ ያነሣው አንድ ሥዕል በዓለም የታወቀ ነው። በሥዕሉ ላይ የመኪናው ጎማ እንደ እንቁላል ሆኖ ወደ ፊት ዘሟል፤ በመንገዱ ዳር የቆሙት ሰዎች ደግሞ ወደ ኋላ ያዘነበሉ ይመስላሉ። በእውነቱ ግን ጎማውም አልዘመመም፤ ሰዎቹም አላዘነበሉም። ብርሃን የሚያስገባው ቀጭን ክፍተት በመስተዋቱ ፊት ቀስ በቀስ ስለሚያልፍ፣ የሥዕሉ አንዱ ክፍል ከሌላው ዘግይቶ የተነሣ ነው፤ አንሺውም ካሜራውን ከመኪናው ጋር እያዞረ ስለ ነበር የቆሙት ሰዎች በተቃራኒው ዘመሙ። ፍጥነት ማለት ይህ ነው እያልን የምናደንቀው መልክ በከፊል የካሜራው ሥራ ነው። ይህም ብቻ አይደለም። ሥዕሉ ለብዙ ጊዜ በ1912 የተነሣ የዴላዥ መኪና ነው ሲባል ቆይቶ፣ በመኪናው ላይ ያለው ቁጥር 6 ከውድድሩ መዝገብ ጋር ሲመሳከር በ1913 በአሚየን ከተማ የተወዳደረ የሽናይደር መኪና መሆኑ ታውቋል። እንግዲህ እውነቱ በሥዕሉ ላይ ሁልጊዜ ይታይ ነበር፤ የጠፋው የሚያነበው ሰው ነው።

ይህ ነገር ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ያደርሰናል። ከሥዕሉ በታች የተጻፈውን ማን ጻፈው? መቼስ ጻፈው? ሰኔ 28 ቀን 1914 በሳራዬቮ የኦስትሪያው አልጋ ወራሽ ፍራንዝ ፈርዲናንድና ባለቤቱ ሶፊ የተገደሉት ግሬፍ ኡንድ ሽቲፍት በተባለ ፋብሪካ በተሠራ ክፍት መኪና ላይ ተቀምጠው ነው፤ መኪናው እስካሁን በቪየና የጦር ታሪክ ሙዚየም ይገኛል። በዚያ ቀን ከተነሡት ሥዕሎች አንዱ ወታደሮችና ፖሊሶች አንድን ሰው እያዳፉ ሲወስዱት ያሳያል። በብዙ መጻሕፍት ይህ ሰው ገዳዩ ጋቭሪሎ ፕሪንሲፕ ነው ተብሎ ታትሟል። ነገር ግን የተያዘው ሰው ፌርዲናንድ ቤር የሚባል፣ ከመንገድ ዳር የነበረ ሰው ነው። ፎቶግራፉ ምንም ውሸት አልተናገረም፤ አንድ ሰው ተይዟል ነው ያለው። ስሙን የሰጠው ጽሑፉ ነው። ጽሑፉም ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ ሲገለበጥ፣ የአንዱ ገልባጭ ስሕተት ወደ ሌላው ብራና እንደሚተላለፍ ሁሉ፣ ለብዙ ዘመን ሳይታረም ኖረ።

ሦስተኛው ጥያቄ፣ በሥዕሉ ላይ የሚታየው ነገር በእርግጥ የሰውየው ነውን የሚለው ነው። በዚያ ዘመን በአውሮፓና በአሜሪካ በየገበያውና በየመዝናኛው ስፍራ የነበሩ ፎቶግራፍ አንሺዎች በእንጨትና በሸራ ላይ የተሣለ አውቶሞቢል ያዘጋጁ ነበር። ደንበኛው ከሸራው ኋላ ገብቶ መሪ የያዘ መስሎ ይነሣና ሥዕሉን ለዘመዶቹ ይልካል። እንደዚህ ያለው ሥዕል የሀብት ማስረጃ አይደለም፤ የምኞት ማስረጃ ግን ነው። የምኞት ማስረጃም ለታሪክ ትንሽ ነገር አይደለም፤ አውቶሞቢል በሠራተኛውና በገበሬው ልብ ውስጥ መቼ እንደ ገባ ያሳያልና። ስሕተቱ አንዱን ለሌላው መውሰድ ነው።

የአገራችን የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ጻድቁን በሁለት ዐይኑ፣ ኃጥኡን በአንድ ዐይኑ ሲሥል፣ ተመልካቹ ሥርዓቱን ስለሚያውቅ አይታለልም፤ ሰውየው አንድ ዐይና ነበረ ብሎ የሚተረጕም የለም። ፎቶግራፍም የራሱ ሥርዓት አለው። ልዩነቱ ሥርዓቱን መሰወሩ ነው። የጥንቱን የአውቶሞቢል ሥዕል ተመልከቱ፦ መኪናው በጎኑ ይቆማል፤ ባለቤቱ በመሪው ዘንድ ወይም ከኋላ ባለው ወንበር ይቀመጣል፤ ሹፌሩና መካኒኩ ከዳር ይሆናሉ። ይህ አቋቋም በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። ማን ዋና፣ ማን ተከታይ እንደ ሆነ የሚናገር የማዕረግ ሥርዓት ነው።

ይህን ሁሉ በአንድ ትልቅ ምሳሌ እንፈትነው። በ1907 «ለ ማተን» የተባለው የፓሪስ ጋዜጣ፣ ከፔኪንግ ተነሥቶ በአውቶሞቢል ፓሪስ ለመድረስ የሚደፍር አለን? ሲል ጥሪ አደረገ። ሰኔ 10 ቀን አምስት መኪናዎች ከፔኪንግ ተነሡ። ከነዚህ አንዱ ኮንታል የተባለው ባለሦስት እግር በጎቢ በረሃ ቀረ። ቀዳሚ የሆነው የኢጣሊያው መስፍን የሺፒዮኔ ቦርጌዜ ኢታላ መኪና ነበር፤ ወደ 15 ሺህ ኪሎሜትር የሚሆነውን መንገድ ጨርሶ ነሐሴ 10 ቀን ፓሪስ ገባ። አብረውት የነበሩት መካኒኩ ኤቶሬ ጉዊዛርዲና ጋዜጠኛው ሉዊጂ ባርዚኒ ናቸው። ባርዚኒ በ1908 ያሳተመው የጉዞ መጽሐፍ በፎቶግራፎች የተሞላ ሲሆን በብዙ ቋንቋ ተተርጕሟል።

ይህ ጉዞ በአጭሩ ሲነገር መኪና መንገድ የሌለውን ምድር ድል ማድረጉን ያረጋገጠበት ጉዞ ነው ይባላል። አሁን ሥዕሎቹን እንጠይቃቸው። ከፔኪንግ በስተሰሜን ባሉት ተራሮች መኪናው በሞተሩ ሲሄድ አናይም፤ ቻይናውያን ሸክመኞች ገመድ ይዘው ሲጐትቱት እናያለን። በሳይቤሪያ የእንጨት ድልድይ ከሥሩ ተሰብሮበት መኪናው ወደ ገደል ሲወድቅ፣ ያወጡት በአካባቢው የነበሩ ሰዎች ናቸው። ጎማው በተሰበረ ጊዜ የእንጨቱን ሥራ በመጥረቢያ ያደሰው አንድ የሩስያ መንደር ባለ እጅ ነው። ቤንዚኑም በጎቢ በረሃ ሊገኝ የቻለው አስቀድሞ በግመል ተጭኖ ስለ ተቀመጠ ነው። በዚህ ጉዞ ሞተር ብዙ ሠርቷል፤ ይህን አንክድም። ነገር ግን ሞተር በደከመበት ስፍራ ሁሉ የሰው ትከሻና የእንስሳ ጀርባ ተተክቷል።

ባርዚኒን በዚህ መክሰስ ፍርደ ገምድልነት ነው፤ ሸክመኞቹን በጽሑፉም በሥዕሉም አልደበቃቸውምና። ጉድለቱ ሌላ ነው። የመስፍኑን ስም፣ የመካኒኩን ስም፣ የፋብሪካውን ስም፣ የሞተሩን ኃይል ሳይቀር እናውቃለን፤ ገመዱን ከያዙት ሰዎች ግን የአንዱንም ስም ከሥዕሉ ሥር አናገኝም። ኋላ ጉዞውን ያወሱት ጸሐፊዎች ደግሞ ከነሥዕሉ ተዉአቸው። በቱሪን የአውቶሞቢል ሙዚየም መኪናው ዛሬም ቆሞ ይታያል፤ ገመዱ ግን ከሥዕሉ በቀር የትም የለም።

ጉዳዩ ከአገራችን የራቀ አይደለም። በዚያው ዘመን፣ ማለትም በ1900 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ እንግሊዛዊው ቤድ ቤንትሌይ በሲድሌ መኪና፣ ጀርመናዊው አርኖልድ ሆልትስ ደግሞ በናኬ መኪና አዲስ አበባ ደርሰው በዳግማዊ ምኒልክ ፊት ቀርበዋል። ሆልትስ ጉዞውን በ1908 በጀርመንኛ ባሳተመው መጽሐፍ ተርኮታል። የምድር ባቡሩ በ1902 ድሬዳዋ ደርሶ ነበር እንጂ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ስለ ሆነ፣ መካከሉ የሲራራ ነጋዴና የበቅሎ መንገድ ነበር። ታዲያ «የመጀመሪያው አውቶሞቢል በኢትዮጵያ» የሚል መግለጫ ያለበት ሥዕል ባየን ቁጥር መጠየቅ ያለብን ማን ነዳው ብለን ብቻ አይደለም። መንገዱን ማን መራ? ድንጋዩን ማን አነሣ? ከወንዙ ማን አሻገረ? እነዚህ ጥያቄዎች የባለመኪናውን ድፍረት አይቀንሱበትም፤ ታሪኩን ግን ምሉእ ያደርጉታል።

አንዳንድ ሰው፣ ሁሉን ከጠረጠራችሁ ምን ማስረጃ ይቀራችኋል ብሎ ይቃወም ይሆናል። መልሳችን ይህ ነው፤ ከላይ ባየናቸው ምሳሌዎች ስሕተቱን ያጋለጠው ራሱ ፎቶግራፉ ነው። የሽናይደሩን መኪና ያስታወቀን በመኪናው ላይ የተጻፈው ቁጥር ነው፤ ሸክመኞቹንም ያስታወሱን በሥዕሉ ላይ ያሉት ገመዶች ናቸው። ካሜራ ባለቤቱ እንዲያሳይ የፈለገውን ብቻ ሳይሆን ልብ ያላለውንም ይዞ ይቀራል። የጽሑፍ ምስክር ይህን ጸጋ እምብዛም አያገኝም፤ ጸሐፊ ልብ ያላለውን ነገር ሊጽፍ አይችልምና። ስለዚህ ፎቶግራፍን መመርመር ማዋረድ ሳይሆን ቃሉን እስከ መጨረሻው መስማት ነው።

በዚህ ረገድ ለእኛ ለተማሪዎች የሚቀርብ ሥራ አለ። በኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ብዙ የቆዩ ፎቶግራፎች ይገኛሉ፤ በየቤቱ ግድግዳና በየሣጥኑ ያሉት ደግሞ ከዚያ ይበዛሉ። የምኒልክን ዘመን ሥዕሎች በዐይኑ ያየውን ጠይቆ ማረጋገጥ ዛሬ አይቻልም። ከዚያ በኋላ ስለ ተነሡት ግን፣ ከመኪናው አጠገብ የቆመው ሹፌር፣ ረዳቱ፣ ዕቃ ጫኙ ማን እንደ ሆነ የሚያውቁ አረጋውያን ገና አሉ። ለጥናት የሚሰበሰብ ሥዕል ሁሉ በጀርባው ሦስት ነገር ቢጻፍበት መልካም ይመስለናል፦ አንደኛ፣ በሥዕሉ ላይ በዐይን የሚታየው ብቻ፤ ሁለተኛ፣ ሰው የነገረንና የነገረን ሰው ስም፤ ሦስተኛ፣ እኛ የገመትነው። እነዚህ ሦስቱ ተቀላቅለው ስለ ተጻፉ ነው ቤር ፕሪንሲፕ ተብሎ የኖረው። ተለይተው ከተጻፉ ግን ከኛ በኋላ የሚመጣው ተመራማሪ ግምታችንን ሊነቅፍ፣ ምስክርነቱንም ሊጠብቅ ይችላል። የባለመኪናውን ስም ብዙ ጊዜ መኪናው ራሱ ያስታውሰዋል፤ ገመድ የያዘውን ሰው ስም ግን ፈጥነን ጠይቀን ካልጻፍነው የሚያስታውስልን የለም።