ሁለት ረዳቶች፦ አንዱ ጎናችን ይቀመጣል፣ ሌላው እጁን ያስገባል

የኮምፒዩተር ክፍል ተማሪዎቻችን ደጋግመው የሚያነሱት ጥያቄ አለ። ፕሮግራም ስንጽፍ የትኛው ሰው ሰራሽ ረዳት ይሻለናል? ለብቻው ተከፍቶ እንደ ሰው የምናወራው ነው ወይስ ኮድ የምንጽፍበት ኤዲተር ውስጥ ገብቶ ራሱ የሚሠራው? ሁለቱንም ሳንሞክር አስተያየት መስጠት አልወደድንም። በመሆኑም ሁለት ላፕቶፕና ሁለት ተማሪዎች ይዘን ወደ ጁባ፣ ማላኪያ ወረድን። እዚያ ገበያው አጠገብ በሰዓት እየከፈልን መብራትም ኢንተርኔትም የምናገኝበት የአገራችን ልጅ ቤት አለ፣ ቡናውም አይጠላም።

ልዩነቱን ለማያውቁት በአጭሩ እንግለጽ። አንደኛው ዓይነት እንደ ቻትጂፒቲና ክሎድ ያሉት ኮምፒዩተር ላይ ተጭነው የሚያዋሩን ናቸው። በመሠረቱ የሚያዩት የሰጠናቸውን ብቻ ነው፤ መልሱን ቀድተን የምንለጥፈውም እኛው ነን። ሁለተኛው ዓይነት እነ ከርሰርና ጊትሀብ ኮፓይለት ናቸው። ኮፓይለት በ2021 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ለሙከራ ሲወጣ የጀመርነውን ኮድ ከመጨረስ ብዙም አያልፍም ነበር። በ2025 ግን የዚህ ወገን መሣሪያዎች ፎልደሩን አንብበው፣ ብዙ ፋይል በአንዴ ለውጠው፣ ፕሮግራሙን አስነስተው፣ ስህተት ሲመጣ አርመው እንደገና የሚሞክሩ ሆነዋል። ድንበሩ እየሳሳ መሆኑን አልካድንም፤ ከ2024 መጨረሻ ጀምሮ ክሎድም ከፈቀድንለት ኮምፒዩተራችን ላይ ያሉ ፋይሎችን መንካት ይችላል።

የሰጠናቸው ሥራ ትንሽ ነው። የተማሪዎችን አማካይ ውጤት አስልቶ በኤክሴል የሚከፈት ዝርዝር የሚያወጣ የፓይተን ፕሮግራም። የትኛው ድርጅት ያወጣው መሣሪያ እንደነበረ አንጠቅስም፣ ጸባያቸው ነውና የሚያሳስበን።

የመጀመሪያው ችግር የአማርኛ ፊደል ነበር። ስሞቹ ኤክሴል ውስጥ ሲከፈቱ የማይነበብ ቅርጽ ሆኑ። ተማሪዋ ለአዋሪው ረዳት «አማርኛው አልታይ አለኝ» ብላ ጻፈችለት፤ እሱም ፎንት ጫኚ አላት። ፎንቱማ ድሮም አለ! ብዙ ተመላልሳ በመጨረሻ የራሷን መስመር ቀድታ ስትሰጠው ነው ነገሩ የገባው። ፋይሉ በዩቲኤፍ-8 ሲጻፍ አንዱ ፊደላችን 3 ባይት ይይዛል፤ ኤክሴል ደግሞ ፋይሉ መጀመሪያ ላይ መለያ ምልክት ካላገኘ በሌላ ኮድ ያነበውና ያበላሸዋል። መፍትሔው አንዲት ቃል ነበረች። ሌላኛው ረዳት ግን ፋይሉን ራሱ ከፍቶ አይቶ፣ ቃሏን ለውጦ ጨረሰ፣ ያውም ቡናችን ሳይቀዘቅዝ። እዚህ ላይ ወንዱ ተማሪያችን «ቲቸር፣ ነገሩ አልቋል፣ ይሄኛው ነው!» አለን። እኛም ልባችን ወደዚያው አዘንብሎ ነበር፣ መዋሸት አያስፈልግም።

ቀጥሎ የሆነውን ስሙት። ከዝርዝሩ ውስጥ አንዷ ልጅ 82፣ 76 እና 88 አላት፤ አራተኛው ቦታ ባዶ ነው፣ ታማ በፈቃድ ስለቀረች። ፕሮግራሙ ባዶውን ቦታ ሲያገኝ ቆመ። ኤዲተር ውስጥ ያለው ረዳት ስህተቱን አይቶ፣ ማንንም ሳይጠይቅ ባዶውን ሁሉ ዜሮ አደረገና ሥራው በትክክል ተጠናቀቀ ብሎ ጻፈልን። የልጅቷ አማካይ 82 መሆን ሲገባው 61.5 ሆነ። ስሟ የፈጠራ ስም ነው እንጂ እውነተኛ ልጅ ብትሆን ኖሮ አንድ ዓመት ልናበላሽባት ነበር። ይህን ያገኘው ደግሞ ኮምፒዩተር የሚያውቀው ሰው አይደለም። አብረውን የመጡት የሒሳብ መምህር ጋሼ፣ ከልማድ የተነሳ፣ በእርሳስ ወረቀት ላይ ሲደምሩ ነው ያዩት። «ልጆች፣ ይቺ ልጅ ምን አጥፍታ ነው?» አሉን።

በአዋሪው በኩል ያለችው ተማሪም እዚያው ቦታ ላይ ቆማ ነበር። ግን ችግሩን በራሷ ቃል መጻፍ ስለነበረባት መጀመሪያ እኛን ጠየቀችን፤ «ቲቸር፣ ያልተፈተነ ሰው እንዴት ነው የሚቆጠረው?» ይህ የኮድ ጥያቄ አይደለም፣ የትምህርት ቤት ደንብ ጥያቄ ነው፣ መልሱም እኛ ዘንድ እንጂ ማሽኑ ዘንድ የለም። ያኛው ረዳት የፈጠነው ጥያቄውን ዘሎት ነው። ለፍትሐዊነት ያህል፣ «ባዶ ቦታ ስታገኝ ጠይቀን» ብለን አስቀድመን ብንጽፍለት ሊጠይቀን ይችል ነበር፤ ግን እንዲህ ብሎ ለመጻፍ ችግሩን ቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል፣ ጀማሪ ደግሞ አያውቀውም።

ስለ ፍጥነት ካነሳን አይቀር፣ ሜትር የተባለ የምርምር ድርጅት በ2025 ያወጣውን እንጥቀስ። 16 ልምድ ያላቸው ፕሮግራመሮች 246 ሥራዎችን፣ አንዳንዱን በእነዚህ መሣሪያዎች፣ አንዳንዱን ያለ እነሱ ሠሩ። በመሣሪያዎቹ ሲሠሩ 19 በመቶ ዘገዩ፤ ራሳቸው ግን 20 በመቶ ያህል የፈጠኑ መስሏቸው ነበር። እነሱ ለዓመታት በሚያውቁት ሥራ ላይ የተለኩ ባለሙያዎች ናቸውና ውጤቱን እንዳለ ለተማሪዎቻችን ማድረግ አንችልም። መስሎ መታየቱ ግን ማላኪያ ድረስ መጥቷል።

ሌላም ጉዳይ አለ፤ የፈጠራ ስም የተጠቀምነው ያለ ምክንያት አይደለም። ኤዲተር ውስጥ የሚገባው ረዳት ፎልደሩን ሲያነብ፣ ያነበበው ውጭ አገር ወዳለ የድርጅቱ ኮምፒዩተር ይሄዳል። እኛ ስደተኞች ነን። የልጆች ስም፣ የመጡበት ቦታ፣ የቤተሰብ ቁጥር የያዘ ፋይል እዚያ ፎልደር ውስጥ ተረስቶ ቢገኝስ? አዋሪው ረዳት ቢያንስ የለጠፍንለትን ብቻ ነው የሚያየው። ለጥፈን ከተሳሳትን ግን ጥፋቱ የራሳችን ነው።

ዋጋውንም እንዳንረሳ። የሁለቱም ወገን የተለመደው ክፍያ በ2025 በወር 20 ዶላር አካባቢ ነበር፤ ዶላሩ ቢገኝ እንኳ የባንክ ካርድ ከየት ይመጣል? ነጻው አገልግሎት ደግሞ በልክ ነው። እነዚህ ማሽኖች ጽሑፍን ቆራርጠው ነው የሚቆጥሩት፤ የእኛ ፊደል ከእንግሊዝኛው ይልቅ በብዙ ቦታ ስለሚቆረጥ በአማርኛ ስንጠይቅ ልካችን ቶሎ ይሞላል። በዚያ ላይ ኤዲተር ውስጥ ያለው ረዳት ለአንድ ሥራ ደጋግሞ ይመላለሳልና ኢንተርኔት ይበላል። በመሐል መብራት ጠፍቶብን ሦስት ፋይል ተለውጦ ሁለቱ ሳይነኩ ቀርተው ነበር። የትኛው የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ከሰዓቱን ሁሉ ፈጀብን።

እንግዲህ የእኛ አቋም ይህ ነው። ለጀማሪ ተማሪ አዋሪው ረዳት ይሻላል፣ ቀርፋፋነቱ ራሱ ያስተምራል። አንድ ዓመት ያህል ኮድ ለጻፉትና ለመምህራን ኤዲተር ውስጥ የሚገባውን አንከለክልም፣ ግን ጊትን ሳያውቁ አይሁን። ጊት ከ2005 ጀምሮ ያለ ነጻ ፕሮግራም ነው፣ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፣ የተለወጠውን መስመር በመስመር ያሳያል፣ ወደ ነበረበትም ይመልሳል። ከሚመጣው ወር ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት እናስተምረዋለን፤ ላፕቶፖቹ ጥቂት ስለሆኑ ሁለት ሁለት ሆናችሁ ተመዝገቡ። ፕሮግራሙም ተስተካክሏል። ባዶ ቦታ ሲያገኝ አሁን «አልተፈተነችም» ብሎ ይጽፋል። ለወንድ ልጅም «አልተፈተነችም» ነው የሚለው፣ እሱን ገና አላረምነውም።