ሥርዓተ ሌሊት፦ ከአንኮበር አዳራሽ እስከ ዋሽንግተን ዘጠነኛ ጎዳና

ዓፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከተማቸውን በደብረ ብርሃን የመሠረቱበትን ምክንያት ዜና መዋዕላቸው ሲተርክ፣ ደቂቀ እስጢፋኖስ የተባሉት ወገኖች በንጉሡ ፍርድ ተወግረው በሞቱ በ38ኛው ቀን በዚያው ስፍራ ላይ ከሰማይ ብርሃን እንደ ወረደ፣ ንጉሡም ይህን ለፍርዳቸው ምስክር አድርገው በመቀበል ቤተ ክርስቲያንና ቤተ መንግሥት በዚያ እንዳሠሩ ይነግረናል። የሌሊትን ታሪክ ለመጻፍ የሚነሣ ሰው ከዚህ ቢጀምር አላግባብ አይደለም፤ ምንም እንኳ ካህናቱ ሰዓታቱንና ማኅሌቱን በሌሊት የሚቆሙ ቢሆኑም፣ በአገራችን ልማድ ብርሃን የፍርድና የሥርዓት ወገን ሆኖ ሲቆጠር፣ ጨለማ ከሥርዓቱ ውጭ ለቀረው ሁሉ ተትቶ ኖሯልና።

ይህ ዳሰሳ የሚመለከተው በታላላቅ የዓለም ከተሞች ተመሳሳይ ጾታን የሚወዱ ሰዎች እየተሰበሰቡ የሚጠጡባቸውንና የሚጨፍሩባቸውን ቤቶች፣ እንዲሁም በእነርሱ ዙሪያ የበቀሉትን የሌሊት ሰፈሮች ነው። ነገሩን በአንኮበርና በደብረ ብርሃን በኩል ማየቴ ለአንባቢ እንግዳ እንዳይሆን፣ ሐሳቤን አስቀድሜ ላስታውቅ። መሸታ ቤት ከመጠጥ የተወለደ ተቋም አይደለም፤ «የማን ልጅ ነህ?» ለሚለው ጥያቄ በቀን መልስ ለመስጠት የማይችል ወይም የማይወድ ሰው የሚቀመጥበት መደብ ሲፈልግ የተገኘ ነው። ይህም አባባል ለኒው ዮርክ የሚስማማውን ያህል ለደብረ ብርሃንም ይስማማል።

በአንኮበር ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ በገዙበት ዘመን፣ ማለትም ከ1805 እስከ 1840 ዓ.ም.፣ ጠጅ የቤተ መንግሥትና የመኳንንት መጠጥ እንጂ የገበያ ሸቀጥ አልነበረም። በግብር አዳራሽ መኳንንቱ፣ ከእነርሱም ቀጥሎ ጭፍራውና ባለሙያው እንደየማዕረጉ እየገባ ይቀመጣል፤ ሥጋውም ጠጁም በአሳላፊ እጅ ሲዳረስ፣ አዝማሪው መሰንቆውን ይዞ ባለ ማዕዱን ያወድሳል። ከዚህ ማዕድ የጎደለ ሰው ሳይታወቅበት አይቀርም፤ የተቀመጠውም ከተሰጠው ስፍራ ከፍም ዝቅም ማለት አይችልም። በእንግሊዝ መንግሥት ተልኮ በ1833 ዓ.ም. ወደ ሸዋ የመጣው ሻምበል ሐሪስ ይህን የቤተ መንግሥት ሥርዓት በሰፊው ጽፎታል፤ ጽሕፈቱ ጌጥ የበዛበትና ትዕቢት የተጫነው ስለ ሆነ በጥንቃቄ ሊነበብ የሚገባው ቢሆንም፣ መጠጥ በሸንጎ ፊት የሚፈጸም የታማኝነት ግዴታ እንደ ነበረ ከእርሱም ዘንድ መረዳት ይቻላል።

ከአንኮበር ወደ ቆላው ሲወርዱ የሚገኘው አልዩ አምባ ግን ሌላ ሥርዓት ነበረው። ከባሕሩ ዳርና ከሐረር በኩል የሚመጣው ቅፍለት የሚያርፍበት፣ አርጎባውና ሐረሬው ነጋዴ በራሱ ሃይማኖትና በራሱ ልማድ የሚኖርበት መንደር ስለ ነበረ፣ ንጉሡ ቀረጣቸውን እየተቀበሉ ኑሮውን ለባለቤቶቹ ይተዉላቸው ነበር። ለማይመስል ሰው ሰፈር ለይቶ መስጠት፣ ከሰፈሩም ገቢ ማግኘት፣ ነገር ግን ያንን ሰው ወደ አዳራሹ አለመጥራት፤ የከተማ ሌሊት ከጊዜ በኋላ የቆመው በዚህ የቆየ የመንግሥት ብልሃት ላይ ነው ብዬ አምናለሁ።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ተቆርቁራ የአንኮበር፣ የመንዝ፣ የተጉለትና የቡልጋ ሰው ወደ እርስዋ ሲጎርፍ፣ ጠጁም ከአዳራሽ ወደ ጠጅ ቤት ወጣ። በጠጅ ቤት ሰው የሚቀመጠው በማዕረጉ ሳይሆን በሳንቲሙ ነው፤ ከባላገሩ አጠገብ ዘበኛው፣ ከዘበኛው አጠገብ ጸሐፊው በአንድ አግዳሚ ላይ ብርሌውን ጨብጦ ይቀመጣል፤ አዝማሪውም እንደ ጥንቱ አንዱን ጌታ ብቻ ሲያወድስ አያመሽም፤ ግንባሩ ላይ ብር የለጠፈለትን ሁሉ በየተራው ያወድሳል። ይህን ቤት ያቆሙት በብዛት ሴቶች ናቸው። በልጅነቷ ተድራ የኮበለለች፣ ከባልዋ ተፋትታ በወንድሞችዋ ቤት ቦታ ያጣች፣ ወይም ከርስትዋ የተገፋች ሴት ከተማ ስትገባ፣ ከእናትዋ የተማረችው ጠመቃ ብቻ እንጀራ ሆኖላት ኮማሪት ትሆናለች። ለከች ድራሴ እ.ኤ.አ. በ1991 ባሳተሙት ጥናት የአዲስ አበባን የሴተኛ አዳሪነት ኑሮ ከከተማይቱ ኢኮኖሚ ጋር አያይዘው ሲመረምሩ፣ ነገሩን ከስብከት አውጥተው ወደ ኑሮ ጥያቄ ማምጣታቸው ትልቅ ውለታ ነው።

ደብረ ብርሃንም ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ግድም ላይ የተቀመጠች፣ ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ርቃ በደሴ መንገድ ላይ የምትገኝ ብርዳም ከተማ ስለ ሆነች፣ የሹፌሩና የረዳቱ፣ የወታደሩና የብርድ ልብስ ፋብሪካው ሠራተኛ ሌሊት የሚያልፈው በአረቄ ቤት ነበር። ምልክቱ በደጅ በተተከለ እንጨት ላይ የተደፋ ጣሳ ነው። ከገብስ ብቅልና ከጌሾ የተጠነሰሰው ድፍድፍ በእሳት ላይ ሲፈላ፣ እንፋሎቱ በሸምበቆ አልፎ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ በተቀመጠ ዕቃ እየተጠራቀመ ጠብ ጠብ ይላል፤ የመጀመሪያው ብርቱ ስለ ሆነ ለብቻው ይቀመጣል፤ ባለቤቲቱም ጥቂት በእጅዋ ላይ አፍስሳ ክብሪት ጭራ ነበልባሉን ታያለች፤ ከዚያ በኋላ በመለኪያ ትቀዳለች። ገብቶ የተቀመጠውን ሰው ከየት እንደ መጣ አትጠይቀውም፤ ሂሳቡን ብቻ ትይዛለች። ይህ ዝምታ ለባለጌነት የተሰጠ ፈቃድ ተደርጎ ሲነገር ሰምቻለሁ፤ ለእኔ ግን የሙያ ሥነ ምግባር ነው።

በአዲስ አበባ የዚህ ሁሉ ሌሊት ማዕከል የነበረው በደጃዝማች ውቤ ስም የተጠራው ሰፈር፣ ወጣቱ «ውቤ በረሃ» ያለው ነው። ስብሐት ገብረ እግዚአብሔር «ሌቱም አይነጋልኝ» በሚለው ልብ ወለዱ ይህን ሰፈር ባይጽፈው ኖሮ፣ ዛሬ ከሽማግሎች ጨዋታ በቀር ምንም ባልቀረን ነበር። መጽሐፉ ለብዙ ዘመን ሳይታተም በእጅ ጽሕፈት ሲዘዋወር ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2004 በፈረንሳይኛ ተተርጉሞ በፈረንሳይ አገር ወጥቷል። የስብሐት ብርታት የመሸታ ቤቱን አነጋገር ሳያጥብ ማቅረቡ ነው። ድካሙ ደግሞ ሌሊቱ በአመዛኙ የወንድ ደንበኛ ሌሊት ሆኖ መቅረቱ ነው፤ የቤቱ ኪራይ፣ የፈቃዱ ገንዘብ፣ የፖሊሱ ድርሻ፣ ባለቤቲቱ ጧት በር ዘግታ የምትቆጥረው ሳንቲም ከታሪኩ ጥግ ይወድቃል። ከ1966ቱ አብዮት ወዲህ የሰዓት እላፊ ሲታወጅ ሌሊቱ ወደ ትልልቆቹ ሆቴሎች ገባ፤ ዋልያስ ባንድ በሒልተን፣ ሮሃ ባንድ በግዮን ሲጫወቱ፣ የመጣው እንግዳ እስኪነጋ ድረስ ተቆልፎበት ይጨፍር ነበር። መንግሥት ሌሊትን ሲከለክል ሌሊቱ በር ዘግቶ እንጂ ጠፍቶ አይቀርም።

እንግዲህ የዳሰሳችን ጥያቄ እዚህ ላይ ይነሣል። ርስት የሌላትን ሴት፣ ዘር የማይቆጠርለትን አዝማሪ፣ አገር የለቀቀውን ሹፌር የተቀበለው መሸታ ቤት፣ ተመሳሳይ ጾታን ለሚወዱ ሰዎች ደጁ ላይ ምልክት ያቆመላቸው ዘመን የለም። ይህ ግን እንዲህ ያሉ ሰዎች በአገሩ አልነበሩም ማለት አይደለም፤ ሲሞን ሜሲንግ እ.ኤ.አ. በ1957 ስለ ደጋው አማራ ባቀረበው የምርምር ጽሑፍ ወንዳገረድ ስለሚባሉት ሰዎች መጥቀሱን፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ጌትነት ታደለም በመዲናዋ ከወንድ ጋር ግንኙነት ስላላቸው ወንዶች ጥናቶች ማሳተማቸውን የሚያውቅ ሰው፣ ነገሩ ትናንት በአውሮፕላን የመጣ ነው የሚለውን ክርክር በቀላሉ አይቀበልም። የጎደለው ሰው ሳይሆን ቤት ነው። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በአንቀጽ 600 የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነትን በእስራት ይቀጣ ስለ ነበረ፣ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 629 ስለሚቀጣው፣ ቤተ ክርስቲያንና መስጊድም በዚህ ጉዳይ በአንድ ቃል ስለሚናገሩ፣ ስለ ስፍራው የሚጻፈው ሰነድ የከሳሽ ሰነድ ብቻ ይሆናል። በ2015 ዓ.ም. በነሐሴ ወር መጀመሪያ የአዲስ አበባ የሰላምና ጸጥታ ቢሮ ግብረ ሰዶም ይፈጸምባቸዋል ባላቸው ሆቴሎች፣ መጠጥ ቤቶችና ምግብ ቤቶች ላይ ፍተሻና እርምጃ መጀመሩን አስታወቀ፤ በዚያው ሳምንት ደብረ ብርሃን በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ የሰዓት እላፊ ተጥሎባት በጊዜ በር ትዘጋ ነበር። ሁለቱ ውሳኔዎች በምክንያት አይገናኙም። ለነገ ታሪክ ጸሐፊ ግን የሁለቱም ከተሞች ሌሊት ከመግለጫ በቀር ምንም አልተወም።

በሌላው ዓለምም ቢሆን ነገሩ የተጀመረው በነጻነት አይደለም። ጆርጅ ቾንሲ እ.ኤ.አ. በ1994 ባሳተመው የኒው ዮርክ ታሪክ እንዳሳየው፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት እነዚህ ሰዎች በሠራተኛው ሰፈርና በሃርለም ከሌላው ሕዝብ ጋር እየተቀላቀሉ በግልጥ ይታዩ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1933 የመጠጥ ክልከላው ተሽሮ መንግሥት ፈቃድ ሰጪና ተቆጣጣሪ ሲሆን ግን፣ እነርሱን ያስተናገደ ቤት «ሥርዓት የጎደለው» ተብሎ ፈቃዱን ስለሚያጣ፣ ተለይተው በተሰወሩና ወንበዴ በሚያስተዳድራቸው ቤቶች እንዲሰበሰቡ ተገደዱ። ስለዚህ የተለየውን መጠጥ ቤት የፈጠረው በአመዛኙ ሕጉ ራሱ ነው። በግሪንዊች ቪሌጅ የነበረው ስቶንዎል ኢን የማፍያ ንብረት ነበረ፤ የመጠጥ ፈቃድም አልነበረውም፤ እ.ኤ.አ. ጁን 28 ቀን 1969 እንደ ልማዱ ፖሊስ ሲገባበት ደንበኞቹ አንሄድም ብለው ተነሡ፤ ሁከቱም ለቀናት ቀጠለ። ዛሬ ያ ቤት ብሔራዊ መታሰቢያ ነው። በካሊፎርኒያ ግን የአገረ ገዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1951 ብላክ ካት በተባለው የሳን ፍራንሲስኮ ቤት ጉዳይ፣ እንደዚህ ያሉ ሰዎች መሰብሰባቸው ብቻውን ፈቃድ ለመንጠቅ አይበቃም ብሎ ስለ ፈረደ፣ የጎዳናው ትግል በፍርድ ቤት ቀድሞ ተጀምሮ ነበር ማለት ይቻላል፤ አንባቢዎች ስቶንዎልን ብቻ ሲያነሡ ይህን ይዘነጋሉ።

ለእኛ አንባቢ ከሁሉ የሚቀርበው ምሳሌ ግን በዋሽንግተን የሚገኘው የዘጠነኛው ጎዳናና የዩ ጎዳና መገናኛ ነው። ማርቲን ሉተር ኪንግ በተገደሉበት እ.ኤ.አ. በ1968 የተነሣው ሁከት ያንን የጥቁር አሜሪካውያን ሰፈር አቃጥሎት፣ ኋላም የምድር ባቡሩ ቁፋሮ ሱቆቹን አዘግቶት፣ ጣቢያው እ.ኤ.አ. በ1991 ሲከፈት ኪራዩ ገና ርካሽ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1978 ማማ ደስታ ከተባለው ምግብ ቤት ጀምሮ በዋሽንግተን ጥብስና ጠጅ መሸጥ የያዘው ስደተኛ፣ በአዳምስ ሞርጋን ኪራዩ ሲከብደው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ወደዚህ ወረደ፤ ዱከም የተባለው ምግብ ቤት ከቀደሙት አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ደግሞ ኔሊስ የተባለው የተመሳሳይ ጾታ ወዳጆች መጠጥ ቤት በዚያው መገናኛ ማዕዘን ላይ፣ ታውን የተባለው ትልቅ ጭፈራ ቤትም በአቅራቢያው ተከፈቱ። አረንጓዴ ቢጫ ቀዩና ባለ ቀስተ ደመናው ሰንደቅ በአንድ ጎዳና ላይ ተያዩ፤ ያገናኛቸው ፍቅር ሳይሆን ርካሽ ኪራይ ነው። ከእሑድ ቅዳሴ የሚመለሰው ሰውና ከቅዳሜ ጭፈራ የሚወጣው ሰው በአንድ የእግረኛ መንገድ ላይ ይተላለፋሉ፤ በሌሊት ደግሞ የደንበኛውን በር ከፍቶ ወደ ቤቱ የሚያደርሰው ባለ ታክሲ ብዙ ጊዜ የእኛው ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ኢትዮጵያውያኑ ጎዳናው በስማቸው እንዲጠራ ሲጠይቁ ከነባሮቹ ጥቁር አሜሪካውያን ዘንድ ተቃውሞ ገጠማቸው፤ የማን ሰፈር ነው የሚለው ጥያቄ ለእኛም አልቀረልንም። ታውን እ.ኤ.አ. በ2018 ተዘጋ፤ ያዘጋው ፖሊስ ሳይሆን ሕንፃው መሸጡ ነው። በሕግ ያልፈረሰውን የሌሊት ሰፈር የመሬት ዋጋ ያፈርሰዋል።

ይኸው ነገር ወደ እኛም ደርሷል። በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ ሲፈርስ ፈንድቃ የተባለው ታዋቂ አዝማሪ ቤትም ከነበረበት ተነሥቷል፤ ውቤ በረሃ ከዚያ በፊት ስሙ ብቻ ቀርቷል። በደብረ ብርሃንም አዲሶቹ የቢራ ፋብሪካዎች ከቆሙ ወዲህ፣ ጣሳ የተደፋበት እንጨት ከአስፋልቱ ዳር እያፈገፈገ ወደ ውስጥ ሰፈር ገብቷል። ስለዚህ በደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲና በሌሎቹም የታሪክና የፎክሎር ትምህርት ቤቶች ላሉ ተመራማሪዎች የማቀርበው ልመና አለኝ። በደሴ መንገድ ዳር አረቄ ቤት ያቆሙ እናቶች ገና በሕይወት ሳሉ ሄዳችሁ ጠይቋቸው፤ ማን እንደ ገባ፣ ማን ጥግ እንደ ተቀመጠ፣ ምን አይተው ምን ዝም እንዳሉ በራሳቸው ቃል ይመዝገብ። የሚተርኩት ነገር ሰውን ለእስራት የሚያደርስ ከሆነ ግን፣ የተናጋሪውም የተነገረለትም ሰው ስም ከመዝገቡ ይቅር።