የእሌኒ ሕንፃ የት ነው?

በሰሜን አየርላንድ አርማህ የምትባል አሮጌ ከተማ አለች። በሁለት ኮረብታዎች ላይ ሁለት ካቴድራሎች ፊት ለፊት ተፋጠው ቆመዋል፤ አንዱ የፕሮቴስታንቶች፣ ሌላው የካቶሊኮች፣ ሁለቱም በቅዱስ ፓትሪክ ስም። የካቶሊኮቹ ግንባታ እ.ኤ.አ. በ1840 ተጀምሮ፣ የድንቹ ረሀብ ሲገባ ተቋርጦ፣ በድኻ ሳንቲም ጭምር እየተለቀመ ቆይቶ ቅዳሴ ቤቱ የተከበረው በ1904 ነው። እንዲህ ያለውን ከተማ ለማንበብ መጽሐፍ አያስፈልግም። ጠቡም ድኽነቱም ድንጋዩ ላይ አለ።

በዚህ ዓይን ሆሳዕናን የሚያይ እንግዳ «ምን የሚታይ አላት?» ብሎ ይመለሳል። ይህን አባባል ከአዲስ አበባ ሰው አፍ ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። አልቀበለውም። ስሟ ራሱ ሁለት ነው፤ ሆሳዕና የበዓል ስም፣ ዋቸሞ የሀድያ ስም። የኋለኛው ተረስቶ እንዳይቀር ዩኒቨርሲቲው አንሥቶታል። ሕንፃን በተመለከተ ግን ነገሩ የሚጀምረው ከዚያ ርቆ፣ ከጎጃም ነው።

ንግሥት እሌኒ የሀድያው ገራድ የመሐመድ ልጅ፣ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ባለቤት ነበሩ። ልብነ ድንግል ሕፃን ሳለ መንግሥቱን የያዙ፣ ማቴዎስን ወደ ፖርቱጋል ንጉሥ የላኩ እኚሁ ሴት ናቸው። ያሠሩት ታላቅ ቤተ ክርስቲያን መርጡለ ማርያም ነው፤ ከዐባይ ማዶ፣ ምሥራቅ ጎጃም። የእሳቸው ሕንፃ በግራኝ ጦርነት ዘመን ጠፋ፤ ኢየሱሳውያን በ17ኛው ምእት ዓመት መልሰው ሠሩት። ዛሬ በፍርስራሹ ላይ የምናየው የአበባ ቅርጽ ከሁለቱ ዘመናት የትኛው እንደሆነ ሊቃውንት ይከራከሩበት። እኔን የሚያሳስበኝ ቦታው ነው። የሀድያ ልጅ ካቴድራሏን የሠራችው ሥልጣኗ በተተከለበት እንጂ እትብቷ በተቀበረበት አገር አይደለም።

ታዲያ ሆሳዕና ምን አደረገች? ሆስፒታሏን «ንግሥት እሌኒ መሐመድ መታሰቢያ» ብላ ሰየመች። ይህ ስያሜ ከብዙ ሐውልት ይበልጥብኛል፤ የአባትየውን ስም ሳይዘል ጽፏልና። ሌላ ቦታ ቢሆን «ንግሥት እሌኒ» ብሎ ማቆም ይበቃ ነበር፤ ገራዱ እስላም መሆናቸውም በዚያው ይረሳ ነበር። በእርግጥ የጥንቷ ሀድያ ከዛሬው ዞን እጅግ የሰፋች፣ ወደ ምሥራቅ የዘለቀች አገር ነበረች። ጀርመናዊው ብራውኬምፐር የሀድያን ታሪክ ሲጽፍ ልጆቿ ስንት ሕዝብ ውስጥ እንደተበተኑ አሳይቷል። ስለዚህ ሆሳዕና እሌኒን ብቻዬን ልውረስ ብትል ክርክር ይነሣባታል።

የሆሳዕናና የዱራሜ አካባቢ የራሱ ሕንፃ ግን ሌላ ነው፤ እሱን የሚያደንቅ ሰው አላገኘሁም። የሱዳን ኢንቴሪየር ሚሽን ሰዎች በዶክተር ላምቢ መሪነት እ.ኤ.አ. በ1928 ወደዚህ አገር መጡ። ጣሊያን ሲገባ ተባረሩ። ጥለውት የሄዱት እፍኝ የማይሞላ ምእመን ነበር፤ ከነፃነት በኋላ ሲመለሱ በከምባታም በሀድያም የጸሎት ቤቱ በዝቶ ጠበቃቸው። ማን ሠራው? ገበሬው ነው። እንጨት ቆርጦ፣ ማገር አስሮ፣ ጭቃ መርጎ፣ ሣር ከድኖ። መሐንዲስ የለ፣ የውጭ ገንዘብ የለ። የአርማህ ካቴድራል በድኻ ሳንቲም ስለተሠራ የሚደነቅ ከሆነ ይህ ለምን አይደነቅም? ጭቃ ስለሆነ ነው?

አንዳንዱ በደርግ ዘመን ተዘጋ። ከዚያ ያመለጠውን ያፈረሰው ግን መንግሥት ሳይሆን የምእመናን ብልጽግና ነው። ቆርቆሮ መጣ፣ ብሎኬት መጣ፣ አሁን ደግሞ ባለ መስተዋትና አሉሚኒየም አዳራሽ መጥቷል። ዝናብ በማያስገባ ጣሪያ ሥር መዘመር የሚፈልግን ሰው አልወቅስም። የምወቅሰው አዲሱን ሕንፃ ነው፦ አዳማም ሐዋሳም ቢተከል ልዩነት የለውም፤ ከባንክ የሚለየው በመስቀሉ ብቻ ነው። አምባሪቾ ተራራ ላይ የተሠራው 777 ደረጃ እንኳ ከዚህ ይሻላል፤ ቢያንስ ተራራውን ታምኖ ነው የተሠራ።

ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ሆሳዕና የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ሆናለች። ቢሮ ይሠራል፣ መንገድ ይሰፋል፣ አሮጌው ይነሣል። ከመነሣቱ በፊት ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። በሆስፒታሉ መግቢያ፣ ወረፋ የሚጠብቀው ሰው በሚያይበት በኩል፣ የመርጡለ ማርያም ፍርስራሽ ትልቅ ፎቶግራፍ ይሰቀል። ሁለተኛው፣ ከአሮጌዎቹ የጭቃ ጸሎት ቤቶች አንዱ፣ የየትኛውም ቤተ እምነት ቢሆን፣ ከነሣር ክዳኑ ይቆይ። ሲሚንቶ አይለሰን፤ ግድግዳው በጊዜው በጭቃ ይመረግ። ምርጉን የሚያውቁ እናቶች ገና አሉ።