«አማካይ ጂማት 710» ምን ይነግረናል? የአንድ ዓመት ኤምቢኤ የክፍል ፕሮፋይል ሲመረመር

የአንድ ዓመት ኤምቢኤ ለመማር አስባችሁ ከሆነ መጀመሪያ የምትከፍቱት ገጽ «የክፍል ፕሮፋይል» የሚባለውን ነው። አቀራረቡ በየትምህርት ቤቱ ያው ነው፦ የተማሪ ብዛት፣ አማካይ ዕድሜ፣ አማካይ የሥራ ልምድ፣ አማካይ የጂማት ውጤት፣ የሴቶች ድርሻ፣ የዜግነት ብዛት፣ በመጨረሻም ተማሪዎቹ ከየትኛው ሙያ እንደመጡ የሚያሳይ ባለቀለም ክብ። ገጹ አጭር ነው፣ ለዓይን ያምራል፣ ቁጥሮቹም በአብዛኛው እውነት ናቸው።

ችግሩ ሌላ ነው። እናንተ ወደዚህ ገጽ የምትመጡት «እኔ እገባለሁ ወይ?» የሚል ጥያቄ ይዛችሁ ነው። ገጹ የሚመልሰው ግን «የገቡት እነማን ናቸው?» የሚለውን ነው። ሁለቱ ጥያቄዎች ይመሳሰላሉ እንጂ አንድ አይደሉም። በዚህ ጽሑፍ የምንተቸውም ይህንን የጥያቄ መቀያየር ነው።

ነገሩ የቁጥር ጨዋታ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ለፈተናው ብቻ ከ250 ዶላር በላይ ይከፈላል፤ የማመልከቻ ክፍያ ደግሞ በየትምህርት ቤቱ ለየብቻ ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ 100 ብርን ተሻግሯል። በብር ደመወዝ ለሚኖር ሰው ገጹን አሳስቶ ማንበብ ዋጋ አለው ማለት ነው፤ ወይ ሳያስፈልገው ፈተናውን ደግሞ ይከፍላል፣ ወይ ማመልከት ሲገባው ይተወዋል።

ገጹ የማያሳየው ሕዝብ

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ቁጥሮቹ ለማስረጃ የተፈጠሩ ናቸው፤ የየትኛውም ትምህርት ቤት አይደሉም።

አንድ ትምህርት ቤት 100 ቦታ አለው፣ 1000 ሰው አመለከተ እንበል። ከአመልካቾቹ 400ዎቹ በጂማት 720 እና ከዚያ በላይ አላቸው፤ ከነሱ 70 ተቀበለ። ከ720 በታች ካላቸው 600 ሰዎች ደግሞ 30 ተቀበለ። በፕሮፋይሉ ላይ የሚወጣው ዓረፍተ ነገር «70 በመቶ ተማሪዎቻችን 720 እና ከዚያ በላይ አላቸው» የሚል ነው። 730 ያመጣ ሰው ይህን አንብቦ «የኔ ዕድል 70 በመቶ ነው» ቢል ማን ይፈርድበታል? እውነተኛው ዕድል ግን 70 ለ400፣ ማለትም 17.5 በመቶ ነው። እሱን ከሚመስሉ ስድስት ሰዎች አንዱ ገደማ ይገባል፣ አምስቱ ይቀራሉ።

አሁን ቁጥሩን ትንሽ እንቀይር። ከፍተኛ ውጤት ያላቸው አመልካቾች 400 ሳይሆኑ 120 ብቻ ናቸው፤ ከነሱ አሁንም 70 ገቡ። ዕድላቸው ወደ 58 በመቶ አደገ። ፕሮፋይሉስ? አንድ ፊደል አልተለወጠም። አሁንም «70 በመቶ ተማሪዎቻችን…» ይላል። አንድ ዓይነት ገጽ ለሁለት በጣም የተለያዩ እውነታዎች ልክ ሆኖ ከተገኘ፣ ስለ እናንተ ዕድል የሚናገረው ነገር የለውም ማለት ነው።

ስታቲስቲክስ ይህንን የምረጣ ማዛባት ይለዋል። የምናየው ወንፊቱን ያለፈውን ብቻ ነው፤ ወንፊቱ ላይ የቀረውን አናይም። ስለ ወንፊቱ ለማወቅ ደግሞ ሁለቱም ያስፈልጋሉ።

የፉክክሩ አዝማሚያም እዚያው ይደበቃል። የኤምቢኤ አመልካች ቁጥር ከሥራ ገበያው ጋር በተቃራኒው የመሄድ ባሕርይ አለው፦ ሥራ ሲጠፋ ትምህርት ይፈለጋል፣ ሥራ ሲበዛ ይቀራል። በኮቪድ ዓመት፣ በ2020፣ ማመልከቻ በብዙ ትምህርት ቤቶች ጨምሯል፤ ቀጥሎ ቀዝቅዞ፣ በ2024 እንደገና አሻቅቧል። የክፍሉ መጠን ግን በየዓመቱ ያው ገደማ ነው። ስለዚህ ፕሮፋይሉ ላይ ምንም ሳይለወጥ በሩ ሊጠብብ ይችላል። በዚያ ላይ የምታነቡት ከዓመት በፊት ስላመለከቱ ሰዎች ነው።

አማካይ መሰናክል አይደለም

ሁለተኛው ስህተት አማካዩን እንደ ማለፊያ ነጥብ መቁጠር ነው። ፈረንሳይ ፎንቴንብሎ እና ሲንጋፖር ላይ የሚያስተምረው ኢንሲያድ ፕሮግራሙን በ10 ወር ያጠናቅቃል፤ በዓመት 1000 ገደማ ተማሪ ይቀበላል፣ በቀድሞው ጂማት አማካይ ውጤታቸውም ለዓመታት በ710 ዙሪያ ነበር። አማካይ 710 ከሆነ ከዚያ በታች ያመጡ ብዙ ሰዎች እዚያው ክፍል ውስጥ ተቀምጠዋል ማለት ነው። ይህ የሂሳብ ግዴታ ነው፤ ሁሉም ከአማካይ በላይ ሊሆን አይችልም። አንዳንድ ትምህርት ቤቶች «መካከለኛው 80 በመቶ» ከስንት እስከ ስንት እንዳመጣ ያትማሉ። ካገኛችሁት ከአማካዩ ይልቅ እሱን እዩ።

ፈተናው ራሱም ፍጹም ሚዛን አይደለም። በቀድሞው ጂማት የጠቅላላ ውጤቱ የልኬት ስህተት ከ30 እስከ 40 ነጥብ ይገመት ነበር። 690 እና 710 ያመጡ ሁለት ሰዎች በችሎታ ይለያያሉ ብሎ መማል አይቻልም። ለ20 ነጥብ ብላችሁ ፈተናውን ደግማችሁ ብትወስዱ፣ ልዩነቱን ጥናት ሳይሆን አጋጣሚ ሊያመጣው ይችላል።

አሁን ደግሞ ሚዛኑ ተቀይሯል። የቀድሞው ፈተና ከ200 እስከ 800 ነበር፤ በኅዳር 2023 (እ.አ.አ.) ሥራ የጀመረው አዲሱ ከ205 እስከ 805 ነው። አዲሱን መለየት ቀላል ነው፣ ውጤቱ ሁልጊዜ በ5 ያልቃል። ልብ በሉ፣ በአዲሱ 645 ማለት በቀድሞው 700 ገደማ ነው። ስለዚህ 645 ይዞ የድሮ «አማካይ 710» የሚያነብ ሰው 65 ነጥብ የጎደለው ይመስለዋል፤ በእውነቱ ግን እዚያው አካባቢ ነው። እናንተ ወይም የምታውቁት ሰው በዚህ ምክንያት ማመልከት ትቶ ከሆነ፣ ያስቀረው ውጤቱ ሳይሆን ገጹ ነው።

አንድ ዓመት ማን ይመርጠዋል?

የአንድ ዓመት ፕሮግራሞች ስማቸው አንድ ይሁን እንጂ ክፍላቸው አንድ አይደለም። ስዊዘርላንድ ሎዛን ያለው አይኤምዲ መቶ የማይሞላ ተማሪ ይይዛል። በ2001 በሃይደራባድ የተከፈተው ኢንዲያን ስኩል ኦፍ ቢዝነስ ከ800 በላይ ይቀበላል፣ ሁሉም ማለት ይቻላል ሕንዳውያን ናቸው። አህመዳባድ ያለው የሕንድ ማኔጅመንት ኢንስቲትዩት ደግሞ ለአንድ ዓመት ፕሮግራሙ ቢያንስ የአራት ዓመት የሥራ ልምድ ይጠይቃል። ይህ መመሪያ ራሱ አማካዩን ወደ ላይ ይገፋዋል። እንግዲህ «የአማካይ ልምድ» ቁጥር የፉክክር ውጤት ብቻ ሳይሆን የበሩ ቅርጽም ነው።

ሌላም አለ። የሁለት ዓመት ፕሮግራም በመሃል ረጅም የክረምት ልምምድ አለው፤ ሙያ ለመቀየር የሚፈልግ ሰው በዚያ ይሻገራል። በአንድ ዓመት ውስጥ ለዚህ ጊዜ የለም፣ ወይም አጭር ነው። ኢንሲያድ በጥር ለሚጀምሩት የክረምት እረፍት ይሰጣል፤ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ለሚጀምሩት ግን ይህ ዕድል የለም። ስለዚህ በክፍሉ ውስጥ ብዙ አማካሪዎችን ብታዩ «እዚህ ገብቶ አማካሪ መሆን ቀላል ነው» አትበሉ። ከፊሎቹ ቀድሞውኑ አማካሪ ነበሩ፤ መሥሪያ ቤታቸው ከፍሎላቸው ወደዚያው የሚመለሱም አሉ። የነሱ ደመወዝ ከሌሎቹ ጋር ተደምሮ «ከምረቃ በኋላ አማካይ ገቢ» ሲባል፣ ትምህርቱ ያመጣው የትኛው እንደሆነ መለየት ያቅታል።

ቁጥሩ ዒላማ ሲሆን

የእንግሊዙ ኢኮኖሚስት ቻርልስ ጉድሃርት በ1975 ስለ ገንዘብ ፖሊሲ ያነሱት ሐሳብ ዛሬ በስማቸው ሕግ ይባላል፦ መለኪያ ዒላማ ሲደረግ መለኪያነቱን ያጣል። የክፍል ፕሮፋይል በደረጃ አውጪዎች ስሌት ውስጥ ስለሚገባ ለዚህ የተጋለጠ ነው።

እጅግ የከፋው ምሳሌ ከአሜሪካ ነው። ፊላደልፊያ የሚገኘው የቴምፕል ዩኒቨርሲቲ የቢዝነስ ትምህርት ቤት፣ በኢንተርኔት የሚሰጠው ኤምቢኤ በዩኤስ ኒውስ አራት ዓመት ተከታትሎ አንደኛ ተብሎ ነበር። በ2018 እንደታወቀው፣ 255 አዲስ ገቢዎች በሙሉ ጂማት እንዳቀረቡ ተገልጾ የነበረ ሲሆን ያቀረቡት 50 ብቻ ነበሩ። የቀድሞው ዲን በ2021 በማጭበርበር ጥፋተኛ ተባሉ፤ በ2022 የ14 ወር እስራት ተፈረደባቸው። ፕሮግራሙ የአንድ ዓመት አይደለም፤ የገጹ ቋንቋ ግን ያው ነው።

ያለ ውሸትም ተመሳሳይ ነገር ይከሰታል። ፈተናው እንደ ፍላጎት ሲሆን ዝቅተኛ ያመጣ ሰው አያቀርብም። አማካዩ ያድጋል፣ የክፍሉ ችሎታ ግን ባለበት ነው። ስለዚህ ከአማካዩ አጠገብ «ያቀረቡት ስንት በመቶ ናቸው?» የሚል ቁጥር ከሌለ፣ አማካዩ ግማሽ ወሬ ነው።

ታዲያ ገጹ ይጣል?

አይጣል። ከማን ጋር እንደምትማሩ ለማወቅ ከሱ የተሻለ የለም። የ26 ዓመት ወጣት አማካይ ዕድሜው 31 የሆነ ክፍል ሲያይ ጠቃሚ ነገር ተማረ ማለት ነው። የሴቶች ድርሻም በዓመታት ውስጥ ሲታይ ስለ ትምህርት ቤቱ ይናገራል።

የጎደለው ግን ብዙ ነው። የአመልካች ቁጥር ከገቢው ጋር ጎን ለጎን አይወጣም። ስኮላርሺፕ ስንቱ እንዳገኘ አይታወቅም፤ የትምህርት ክፍያው ወደ 100 ሺህ ዩሮ በሚጠጋበት ቦታ ይህ ትንሽ ክፍተት አይደለም። «አፍሪካ እና መካከለኛው ምሥራቅ» በሚል አንድ ሳጥን ውስጥ የአዲስ አበባ ልጅና የዱባይ ልጅ አብረው ይቆጠራሉ፤ የመክፈል አቅማቸው ግን ሰማይና ምድር ነው።

እነዚህን ትምህርት ቤቱ ባይጽፋቸውም መጠየቅ ትችላላችሁ፤ የቅበላ ክፍሎች ኢሜይል ይመልሳሉ፣ የመረጃ ስብሰባም ያዘጋጃሉ። ከመክፈላችሁ በፊት አራት ነገር ጠይቁ፦ ባለፈው ዓመት ስንት ሰው አመለከተ? የፈተና ውጤቱ በየትኛው ሚዛን ነው፣ ያቀረበውስ ስንት በመቶ ነው? በአሠሪው የሚከፈልለት ተማሪ ከደመወዝ አማካዩ ውስጥ ተቆጥሯል? ከአገሬ ወይም ከጎረቤት አገር መጥቶ ስኮላርሺፕ ያገኘ ተማሪ ካለ ልታገናኙኝ ትችላላችሁ? የሚመልስላችሁ ትምህርት ቤት የማመልከቻ ክፍያችሁ ይገባዋል። የማይመልስላችሁንም መዝግቡት፤ ዝምታውም ስለ ትምህርት ቤቱ መረጃ ነው።